“አድኑኝ” በባቲ ቅኝት

እግዜር ሲፈጥረኝ ጆሮ አልነፈገኝም። ሁለት ሰጥቶኛል፤ እንዲያውም ባለቤቴ እንደምትለው ከሌላው ሰው ትንሽ ሰፋ አድርጎ ነው የሰጠኝ። የነፈገኝ በጆሮዬና በጉሮሮዬ መካከል ያለውን መንገድ ነው። ዜማ በጆሮዬ ሲገባ ደህና ነው፤ በአፌ ሲወጣ ግን መርካቶ ገብቶ እንደጠፋ የገጠር ዘመድ ነው የሚሆነው፤ ኮፍያው ተወስዶ፣ ጫማው ተቀይሮ፣ ስሙን ራሱ ረስቶ። ልጆች ሆነን ሆያ ሆዬ ስንጨፍር እንኳ ጓደኞቼ ሙልሙሉን እንድሸከም ነበር የሚያሰልፉኝ። አንድ ቀን ተሳስቼ አብሬ ብቀበል የቤቱ ባለቤት ሰጥተውን የነበረውን ሙልሙል መልሰው ወሰዱት።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አድርጎ ሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ ገባ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጠይቁ። እኔም መጋረጃ ውስጥ ተጠቅልዬ መድረክ ላይ ተዘርሬ ሳለሁ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው።

ሱቄ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ባለው መደዳ ውስጥ ነው። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክርና መርፌ እሸጣለሁ። ሱቄ ከጥበቷ የተነሳ ደንበኛ ሲገባ እኔ መውጣት አለብኝ። በግራዬ ሐጂ እንድሪስ አሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ ጨርቅ ያከፋፍላሉ። በቀኜ ካሴት ቤት አለ፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ እኔ አዙሮ ከጧት እስከ ማታ ይለቀዋል። በዚያ ጩኸት ላይ “ቁልፍ! የሸሚዝ፣ የኮት፣ የካፖርት ቁልፍ!” ብዬ ስጣራ ነው የምውለው። ስለዚህ “እሱ ከሙዚቃ ጋር ምን አገናኘው” የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ዕድሜዬን ሙሉ ከሙዚቃ ጋር ስጣላ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ባለቤቴ ትዕግሥት ትባላለች። ስሙን ወላጆቿ ሰጧት፤ ሥራውን እኔ ሰጠኋት። አንድ ማታ እራት እየበላን ሳለ፣

«ዛሬ ጋሽ ታዬን አገኘኋቸው» አለችኝ።

ጋሽ ታዬ በሰፈራችን ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ናቸው። ትዕግሥትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ገና በወጣትነታቸው አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ጽፈዋል፤ ማለትም ሰዎቹ የሚናገሩትን ግማሹን የሚያዜሙበት ቲያትር። በደርግ ጊዜ ለአንድ ኃላፊ ቢያሳዩት “ጥሩ ነው፤ ግን ጭቁኑ ሕዝብ የታለ?” ተብለው ተመለሱ። መንግሥት ተለወጠና እንደገና ይዘውት ቢሄዱ ሌላ ኃላፊ “ጥሩ ነው፤ ግን የየትኛው ብሔረሰብ ነው?” አላቸው። እሳቸውም “የፍቅር ነው” ቢሉት እንዲህ የሚባል ብሔረሰብ መዝገቡ ላይ አጣ። ዘንድሮ ጡረታ ሊወጡ ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አዘኑላቸውና “አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ወስደው ያሳዩት” አሏቸው። አንድ ቅዳሜ። ለአንድ ሰው የዕድሜ ሥራ።

«ዋናዋን ሴት የምጫወተው እኔ ነኝ» አለች ትዕግሥት፤ ፊቷ ሻማ የበራበት ይመስላል።

«የምን ሴት?»

«ገበያ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። አንድ ሀብታም ነጋዴና አንድ ደሀ ልብስ ሰፊ ይወዷታል።»

«ማንን ትመርጣለች?»

«ልብስ ሰፊውን ነዋ።»

«ልብስ ሰፊውን ማን ነው የሚጫወተው?»

«ሚሊዮን።»

ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሚሊዮንን አውቀዋለሁ፤ ደንበኛዬ ነው። የእውነቱም ልብስ ሰፊ ነው። ቁመቱ መለሎ፣ ድምፁ ማር፣ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ታይቶ የማይታወቅ። ባል አንድ፣ ተፎካካሪ ሚሊዮን! ይህን ሂሳብ የትኛውም ነጋዴ አይቀበለውም።

«መጨረሻው ላይ ዱኤት አለን» ብላ ጨመረችልኝ።

«ዱኤት ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሁለት ሰው ዘፈን። እሱ ይላል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ከዚያ አብረን እንላለን።»

«ምን ትላላችሁ?»

«እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ ነዋ! ሌላ ምን ይባላል?»

«እየተያያችሁ?»

«ታዲያ ግድግዳ እያየን እንዘፍን?»

እኔን ካገባችኝ ወዲህ እንዲህ ያለውን ነገር ግድግዳ እያየችም ብላኝ አታውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋጋ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ እኔም ተውኔቱ ውስጥ እገባለሁ እንጂ በር ላይ ቆሜ አላይም አልኩ።

ጋሽ ታዬን ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። ቀጭን ናቸው፤ ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል፤ ክረምት ከበጋ ክራቫት አይለያቸውም። ሲራመዱ እንኳ በምት ነው የሚራመዱት፤ ቆመው ሲያዋሯችሁ አንድ እግራቸው ለብቻው መሬት ይመታል።

«ጋሼ፣ እኔም ልሳተፍ ብዬ ነው።»

«ድምፅህ ምን ዓይነት ነው?»

«ጤነኛ ነው።»

ከደረት ኪሳቸው ሹካ አወጡ። ምሳ ሰዓት አልደረሰም፤ ሳህንም አላየሁም። ሁለት ጥርስ ብቻ ያለው ሹካ ነው። ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው ወደ ጆሮዬ ሲያስጠጉት “እንንን…” እያለ ዘመረ።

«ይህ መቃኛ ነው። ይህ ድምፅ ‘ላ’ ይባላል። በል አምጣ።»

እጄን ዘረጋሁ።

«በአፍህ!»

በአፌ አመጣሁ። ካሴት ቤቱን አሸንፌ ደንበኛ የምጠራበትን ድምፅ ነው ያወጣሁት። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሜዳው ላይ ኳስ የሚራገጡት ልጆች ባሉበት ደርቀው ቀሩ። የግቢው ዘበኛ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ጋሽ ታዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ያ ራሱን የቻለ እግራቸው እንኳ ቆሟል።

«ላ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ሙዚቃም አይደለም። ግን… ባስ ነህ።»

«ከማን የባስኩ?»

«ባስ! ወፍራሙ የወንድ ድምፅ! የሴቶቹ ቀጭኑ ሶፕራኖ፣ ወፍራሙ አልቶ፤ የወንዶቹ ቀጭኑ ቴኖር፣ ወፍራሙ ባስ ይባላል። ሚሊዮን ቴኖር ነው። ባስ የሚሆን ሰው ስፈልግ ነው የከረምኩት። ከተቀባዮቹ ጋር አስገባሃለሁ።»

በመርካቶ አማርኛ ተቀባይ ማለት ከጭነት መኪና ላይ ዕቃ ሲወርድ ከታች ሆኖ የሚቀበል ሰው ነው።

«ዕቃው መቼ ነው የሚገባው?» አልኳቸው።

ጋሽ ታዬ ዘበኛውን “ውሃ አምጣልኝ” አሉት።

ልምምዱ እሑድ እሑድ ነበር። ተቀባዮቹ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ በተውኔቱ ውስጥ የገበያውን ሕዝብ ሆነው አውራጁ ያለውን ተቀብለው ይመልሳሉ። እኔን ያስቆሙኝ ከእትዬ ዘነበች ጎን ነው። እትዬ ዘነበች በርበሬ ይሸጣሉ፤ አልቶ ናቸው፤ ክርናቸው የብረት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ጨዋታውን አስረዱኝ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ይህን ኖታ ምናምን የሚሉትን ተወው። እኔ በክርኔ ስነካህ ግባ፣ ዳግም ስነካህ ውጣ። ሙዚቃ ማለት ይኸው ነው።»

እውነትም ይኸው ነበር። የጎድን አጥንቴ በልዞ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ሆኖም በየቦታዬ መግባት ጀመርኩ። የሚያስቸግረኝ ቋንቋው ነበር። አንድ እሑድ ጋሽ ታዬ «እዚህ ላይ ባሶች እረፍት አላችሁ» አሉ። ባሶች ማለት እኔ ነኝ። እንዴት ያሉ አዛኝ ሰው ናቸው ብዬ ወጣሁና በሩ ላይ ካለችው ሻይ ቤት ሻይ አዝዤ ቦምቦሊኖዬን ስነክር፣ ትዕግሥት ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች።

«ምን ትሠራለህ?»

«እረፍት ነው ተባለ እኮ።»

«እረፍቱ ሁለት ምት ነው!»

ሁለት ምት ምን ያህል እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ቦምቦሊኖ ለመንከስ እንኳ አይበቃም።

በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ መሐል ላይ አስቁመውን «እዚህ ጋ ፒያኖ!» ብለው ጮኹ። ዞር ዞር ብዬ ባይ ያለን አንድ ከሰርግ ባንድ የተዋስነው ኪቦርድ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ፒያኖ የለንም» አልኩ፤ ለማስታወስ ያህል።

«ፒያኖ ማለት በቀስታ ማለት ነው!»

«ታዲያ በቀስታ አይሉም?»

እትዬ ዘነበች ደገፉኝ። «እውነቱን ነው። ሹክሹክታን በዕቃ ስም መጥራት ምን ይባላል?»

መጋረጃውን የሰጡን ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ቀይ ከፋይ ነው፤ ለሰርግ ሶፋ የሚመረጥ፣ ሁለት ሰው የማያነሳው ዓይነት። ሲሰቀል ለማየት የመጡ ዕለት ጋሽ ታዬ ለተቀባዮቹ «ይህኛው በባቲ ነው» ሲሉ ሰሟቸው።

«በባቲ?» አሉ ሐጂ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «እዚያ ደግሞ ማን አለዎት?»

«ቅኝቱን ነው፣ ሐጂ። የድምፅ አሰላለፍ ነው። አራት ቅኝት አለን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ።»

ሐጂ ጢማቸውን እየዳሰሱ አሰቡ። «ባቲ እኔ የተወለድኩባት ናት። አምባሰል የእናቴ አገር ነው። ከአራቱ ሁለቱ የኛ ከሆኑማ መጋረጃ ብቻ ሰጥቼ መቅረት ነውር ነው!» አሉና በማግስቱ አንድ ጣቃ ጥቁር ጨርቅ ልከው የአዳራሹ መስኮቶች በሙሉ እንዲሸፈኑ አደረጉ። «ቲያትር በፀሐይ አይሆንም፤ ጨለማ ይፈልጋል» አሉ። ጨለማውን አገኘን። እንዴት እንዳገኘነው ግን ቆዩ።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ዓይኔ ሚሊዮን ላይ ነበር። አንድ ጧት ለተውኔቱ ልብሱ ቁልፍ ሊገዛ ሱቄ መጣ። ወርቃማ መረጠ። ከፍሎም አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆሞ ሜትሩን አንገቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይጎትታል።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?» አለኝ።

«በል።»

«ያን ዱኤት ስንል ዓይንህን አታፍጥብኝ። እባክህ። እሷን ቀና ብዬ ሳይ ከጀርባዋ አንተ ትታየኛለህ፤ በግ ሊያርድ የተዘጋጀ ሰው ነው የምትመስለው። ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። እኔ እንደሆነ ለዘፈኑም ለምኑም አይደለም የገባሁት። ጋሽ ታዬ ናቸው ‘ስፌት ከመጀመርህ በፊት ፊደል ማንበብ ልመድ’ ብለው ከመንገድ ላይ አንስተው ያስተማሩኝ። ይህን ነገር በዓይናቸው ሳያዩት ጡረታ ቢወጡ እኔ አልወድም።»

ምን ይባላል? ለጠላትነት ስዘጋጅ የከረምኩበት ሰውዬ ከኔ ይልቅ የሚፈራ ሆኖ ተገኘ። ሻይ አዘዝኩለት። ከዚያ በኋላ ዱኤቱ ሲደርስ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ሳለም ለመጀመሪያ ጊዜ ትዕግሥትን ሰማኋት። ቤት ውስጥ ሰሃን ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ ያንንማ እሰማ ነበር። ይህ ግን ሌላ ነበር። ድምፅዋ ከወገቧ ተነስቶ ቀስ ብሎ ሲወጣ፣ ጣሪያው ላይ ደርሶ ሲያርፍ፣ ይህች ሴት ይህን ሁሉ የት አስቀምጣው ነው ከኔ ጋር ስለ ሽሮ ስታወራ የኖረችው አልኩ። እትዬ ዘነበች በክርናቸው ነኩኝ። መግባት ነበረብኝ፤ አልገባሁም። ጋሽ ታዬም አልተቆጡኝም። እሳቸውም እጃቸውን አየር ላይ ትተው ረስተውት ነበር።

ቅዳሜዋ ደረሰች። አዳራሹ ከመሳለሚያና ከአንዋር መስጊድ ሰፈር ሳይቀር በመጣ ሰው ጢም አለ። ወንበር ያጣው ግድግዳ፣ ግድግዳ ያጣው ደጅ ያዘ። ሐጂ እንድሪስ ከፊት መደዳ ተቀምጠው መጋረጃቸውን በኩራት ይመለከታሉ። መጋረጃው ተከፍቶ እኛ ተቀባዮች ከቆምንበት ጥግ ተሰበሰበ። ጋሽ ታዬ ከመድረኩ ሥር ቆመው መምሪያ ዘንጋቸውን አነሱ። እኔም ተካፋይ ስለሆንኩ ራሴን አሞገስኩ አትበሉኝ እንጂ፣ እሳት የላሰ ነበር። ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ ማይክራፎኑ አልጮኸም፤ እኔ በየክርኑ ገባሁ፣ በየክርኑ ወጣሁ። ሀብታሙ ነጋዴ ወርቁን አቀረበ፣ ተቀባዮች አጉረመረምን፣ ሕዝቡ አብሮን አጉረመረመ። ዱኤቱ ደረሰ። ሚሊዮን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ፣ ቁልፎቹ እያብለጨለጩ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ «እወድሻለ…» ሲል መብራት ጠፋ።

ኪቦርዱ እንደታነቀ ዶሮ አንዴ ሲጥ ብሎ ዝም አለ። ማይክራፎኑ ሞተ። ለመስኮቶቹ ጥቁር ጨርቅ ምስጋና ይግባውና እጃችንን ከእግራችን መለየት አልቻልንም። ከኋላ ፉጨት ተጀመረ። አንዱ «ወደ ቤት!» አለ። አንዱ ሕፃን አለቀሰ። የጋሽ ታዬ ዘንግ ወለሉ ላይ ስትወድቅ ተሰማኝ፤ ወይም የወደቀች መሰለኝ።

እኔ ምን ላድርግ? ክርን እጠብቃለሁ። ክርን የለም። እትዬ ዘነበች ኋላ እንደነገሩኝ በጨለማው ደንግጠው ሲያማትቡ ነበር፤ እያማተበ ደግሞ ማንም ሰው አይጎስምም። እኔ ግን ይህን አላወቅሁም። መግቢያዬ አለፈችኝ ብዬ እጄን ወደ ግራዬ ሰደድኩ። ጨርቅ አገኘሁ። ቀሚሳቸው መሰለኝ። ጎተት አደረግሁት።

«እትዬ፣ ልግባ?» አልኩ በሹክሹክታ።

ጠንከር አድርጌ ጎተትኩ።

«እትዬ ዘነበች፣ ልግባ ወይ?»

ሦስተኛው ላይ ቀሚሱ መጣ። ከነተሰቀለበት እንጨት መጣ። ከላዬ ላይ በሬ የወደቀ መሰለኝ፤ ሁለት ሰው የማያነሳው የሐጂ እንድሪስ ከፋይ ጠቅልሎ ዘረረኝ። ልነሳ ስል ይበልጥ ተጠቀለልኩ። ትንፋሽ አጠረኝ። ያለኝን ድምፅ በሙሉ ሰብስቤ፣

«አድኑኝ!» አልኩ።

እንግዲህ እነዚህ ጋሽ ታዬ በየእሑዱ ያሠለጠኗቸው ተቀባዮች ናቸው። ጨለማ ውስጥ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። በዚህ መሐል አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ሲያወርድ ሰሙ። ተቀባይ ምን ያደርጋል? ይቀበላል።

«አድኑኝ፣ አድኑኝ!» አሉ፤ በሶፕራኖ፣ በአልቶ፣ በቴኖር። በባቲ ቅኝት። ደግሞ ሲያምር!

«ኧረ የእውነቴን ነው!» አልኩ።

«ኧረ የእውነቴን፣ ኧረ የእውነቴን ነው!»

«ታፈንኩ፣ እናንተ ሰዎች!»

«ታፈንኩ፣ ታፈንኩ፣ እናንተ ሰዎች!»

ፉጨቱ ቆመ። አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ጎረቤቱ ተከተለው፤ ጥቂት ቆይቶ አዳራሹ በሙሉ አንድ ዓይነት ጭብጨባ ያጨበጭብ ጀመር፣ ያለ ኪቦርድ ያለ ከበሮ። እኔ ልሞት ነው፣ ሕዝቡ ምት ይዞልኛል።

«ቀልድ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀልድ አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም!» ብለው ጭራሽ አዝማች አደረጉት፤ እየደጋገሙ ይመላለሱበት ጀመር።

በዚህ ጊዜ ሐጂ እንድሪስ «መጋረጃዬ ውስጥ ሰው አለ!» ብለው ተነሱ። በዳሰሳ መስኮቱ ጋ ደርሰው የገዛ ጥቁር ጨርቃቸውን ከላይ እስከ ታች ቦጨቁት። የከሰዓቷ ፀሐይ በአንድ ጊዜ ገብታ መድረኩ ላይ ተደፋች። ሕዝቡ ያየው እንግዲህ ይህን ነው፤ አንድ ቀይ የከፋይ ክምር፣ ከክምሩ የወጡ ሁለት እግሮች፣ እጁን እንደዘረጋ የቀረ ሚሊዮን፣ መሐል ላይ ትዕግሥት። የኔን እግር የማታውቅ እንዳይመስላችሁ፤ ካልሲዬን የምትሰፋው እሷ ናት።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከዚያ ትዕግሥት እጇን ከፍ ስታደርግ ጸጥ አለ። እኔ ከፋዩ ውስጥ ሆኜ አላያትም፤ ሰማኋት እንጂ። ያለ ማይክራፎን፣ በዚያው በጭብጨባው ላይ፣ ማንም ያልጻፈላትን ግጥም አወረደች፤

«አንዱ ወርቅ ይዞ መጣ፣ አንዱ ዜማ ይዞ፤
የኔው መሬት ወድቋል፣ በከፋይ ተገንዞ።
ገበያው ይመስክር፣ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ፤
የወደቀው የኔ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንሱልኝ!»

«አንሱልኝ፣ አንሱልኝ!» አሉ ተቀባዮች። እልልታው ከሴቶቹ በኩል ፈነዳ። «አንሱላት እንጂ!» አሉ ከኋላ።

ትልቁ ጭንቅ የሚሊዮን ነው። በሕዝብ ፊት ሙሽሪቱን ተነጠቀ፣ ተውኔቱ ተቀየረበት። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎ ይወጣ ነበር። እሱ ግን በዜማ እየተራመደ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ከከፋዩ ውስጥ እየፈታ አወጣኝ፣ አቆመኝ፣ አቧራዬን አራገፈልኝ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻዬን ለካ። ክንዴን ለካ። ወገቤን ሲለካ ወደ ሕዝቡ ዞር ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የሙሽርነት ሱፌን እየለካ መሆኑ ሲገባቸው አዳራሹ ተናወጠ። አንድ ሽማግሌ ሳቅ ይዟቸው ከወንበራቸው ወርደው መሬት ተቀመጡ።

ትዕግሥት ፊቴ ቆመች። ዱኤቱ አላለቀም። ለሚሊዮን የተጻፈውን መስመር ዓይን ዓይኔን እያየች ለኔ አለችው፤ «እወድሃለሁ» የሚለውን። ሙሉ አዳራሽ መልሴን ይጠብቃል። የሚሊዮንን መስመር አላውቀውም፤ ባውቀውም ዜማው አይወጣልኝም። ፀጉሬ ቆሞ፣ ላቤ እየወረደ፣ በዚያ ቁልፍ በምሸጥበት ድምፅ፣

«እኔም!» አልኩ።

«እኔም፣ እኔም፣ እኔም!» አሉ ተቀባዮች፤ እትዬ ዘነበች ከሁሉም በላይ። ክርናቸው ግን ዘግይቶም ቢሆን አልቀረልኝም።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ታዬን ለማየት ድፍረት ያገኘሁት። ዘንጓ ከእጃቸው አልወደቀችም ነበር። ቀጥ ብለው ቆመው ሁላችንንም ይመሩናል፤ ተቀባዮቹን፣ ሕዝቡን፣ ደጅ የቆመውን ሳይቀር። ሲጨርሱ ዘንጓን በአየር ላይ ቀጨም አደረጓት፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ምት ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ መርካቶ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ሰዉ መውጣት ሲጀምር ቀርቤ አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዕድሜ ልክ ሥራዎን አበላሸሁ።»

በክራቫታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ከሳቅ ይሁን ከልቅሶ እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም።

«ልንገርህ» አሉኝ፤ «ያ መጨረሻ ከጻፍኩት ጀምሮ ልክ ሆኖልኝ አያውቅም። እንዲህ ያማረ፣ እንዲህ የሚዘፍን ሰው ቢመረጥ ምኑ ይገርማል? ማንም ይመርጠዋል። የጎደለው የሚወድቅ ሰው ነበር።»

ዳይሬክተሩ እየተጋፉ መጡ። ደጅ የቀረው ሕዝብ “እኛስ?” ብሎ በሩን ይዟል፤ ነገ እሑድም አዳራሹ ይሰጣችኋል አሉ። ጋሽ ታዬ ወደ ኔ ዞሩ። እግራቸው መሬቱን መምታት ጀምሯል።

«እንግዲያው አሁኑኑ ልምምድ። በስድስተኛው ምት ላይ ነው የምትወድቀው።»

ወገኖቼ፣ ሳያስቡት መውደቅና አስቦ መውደቅ አንድ አይደለም። ቀድሜ ወደቅሁ። ዘግይቼ ወደቅሁ። አንድ ጊዜ መጋረጃው ወርዶ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሚሊዮን መጋረጃው በቀላሉ እንዲወርድ በክር ብቻ ጠልፎ ሰፋው፤ ሐጂ እንድሪስ «ተጠንቀቅ፣ ከፋዩ እንዳይቀደድ!» ይሉኛል፤ ትዕግሥት ሳቅ ገድሏት ግድግዳ ተደግፋለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ትከሻዬን እያሻሸሁ ስወጣ በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ክንዴን ያዙኝ።

«የወደቅከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እግዜር ይማርህ። ተጎዳህ?»

«ትንሽ ትከሻዬን ነው።»

ትከሻዬን አዩት፤ ፊቴን አዩት።

«ነገስ ትወድቃለህ?»

«እወድቃለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ልጄንና ምራቴን ይዤ እመጣለሁ» አሉኝ። «ከተጋቡ ወዲህ አንድ ላይ ስቀው አያውቁም። አደራህን፣ ጥሩ አድርገህ ውደቅላቸው።»